ባሻ በጆንያ አይወጣም

አንዲት እናት ነበሩ። ዘር ሻጭ ናቸው። ገበሬው ለዘር የሚሆነውን ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ጤፍ የሚወስደው ከእሳቸው መጋዘን ነው። ባላቸው ዐርፈዋል፤ ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ወጥተዋል። በዚያ መጋዘን አብሯቸው የሚውል አንድ ድመት ነበር። ስሙ ባሻ ይባላል።

አትሳቁ! ድመት ብዬ ስለጀመርኩ ነው? ቆዩ፣ ባሻን ገና አታውቁትም።

አንድ ዓመት አይጥ ያገሩን ጎተራ ሁሉ ፈጀው። እህል አለኝ ያለ ሁሉ ሲከፍተው ያገኘው ገለባና የአይጥ ኩስ ነው። መዝሪያው ሲደርስ ገበሬው የት ሄደ? እኚህ እናት ዘንድ። የእሳቸው ጆንያ እንደተሰፋ ነው፤ አንድም አልተቀደደም። ሰው ሲያመሰግናቸው ምን ይሉ ነበር? ከክምሩ አናት ላይ ወደተጋደመው ድመት በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «እሱን አመስግኑ፤ እኔማ ተኝቼ ነበር» ይሉ ነበር። ኩራታቸውን ብታዩ! ልጅ ያስመረቁ ነበር የሚመስሉት።

እንግዲህ ባሻ አረጀ።

ጥርሱ ረገፈ። ዓይኑ ፈዘዘ። ሥጋ በደቃቁ ከትፈው ቢሰጡት አሽትቶ ይተወዋል። ክምሩ ላይ መውጣት ሲያቅተው ጠዋት አቅፈው ያወጡታል፣ ሲመሽ አቅፈው ያወርዱታል።

አሮጌ ድመት ምን እንደሚደረግ እናንተም ታውቃላችሁ። በጆንያ ይከተታል። መንገዱን እንዳይለይ ጆንያው ይሽከረከራል። ከዚያ ወንዝ ማዶ ይጣላል። በቤታችን ይህ ተደርጎ አያውቅም የሚል ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም እጅ አልወጣም።

ጎረቤታቸው ዘርጋውም ይህንኑ አላቸው። ሚስማርና ቆርቆሮ ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«እትዬ ይመናሹ፣ ለምን ይቸገራሉ? አንድ ጆንያ ይስጡኝና እኔ ላሻግርልዎ። እርስዎ አያዩት፣ አይሰሙት።»

«ባሻ በጆንያ አይወጣም!» አሉት። «ዕድሜ ልኩን ጆንያ የጠበቀ በጆንያ አይወጣም። እዚሁ ሥራው ላይ ነው የሚሞተው። ሁለተኛ እንዳትለኝ!»

ጎሽ አላችሁ አይደል? እኔም መጨረሻውን ሳልሰማ ጎሽ ብዬ ነበር። ግን እዚህ ላይ እትዬ ይመናሹም ተሳሳቱ። አልጣሉትም፤ እውነት ነው። ግን ሊለቁትም አልቻሉም። ወተት በጣታቸው እየነከሩ፣ አፉን በግድ ከፍተው ያንጠባጥቡለታል፤ እሱ መልሶ ያወጣዋል። ለጠየቃቸው ሁሉ «ደህና ነው፣ ዛሬ እንኳ ወተት ጠጣ» ይላሉ። ልጃቸው ደውላ «እማዬ፣ አሁንስ አላሳዘነሽም?» ብትላቸው ስልኩን ዘጉባት።

መቼም ድመት ንጹሕ ፍጥረት ነው። ደጅ ይወጣል፣ አፈር ይምሳል፣ ተጸዳድቶ ይሸፍናል። ባሻ በዘመኑ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ዘር አላበላሸም። አንድ ጠዋት ታዲያ እትዬ ይመናሹ እህል ሲሰፍሩ ዱብ የሚል ድምፅ ሰሙ። ዘወር ቢሉ ባሻ ከክምሩ ወድቆ ወደ በሩ እየተሳበ ነው። ተነሣ፤ ወደቀ። ተነሣ፤ ወደቀ። በሩ ጋ ሳይደርስ አመለጠው። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በዚያ አልታዘዝ ባለ እግሩ ሲሚንቶውን መቧጠጥ ጀመረ። የሚሸፍንበት አፈር የለም፤ እሱ ግን ይቧጥጣል። አፈር የለም፤ ይቧጥጣል።

እትዬ ይመናሹ መስፈሪያውን አስቀመጡ። «ይሄ ኩሩ እንስሳ!» አሉ። «ይህን ሁሉ ቀን ያቆየሁህ ለማን ብዬ ነው? ለአንተ ነው? ለራሴ ነው እንጂ።» ቁጭ ብለው አለቀሱ። ዓይናቸውን ጠረጉና ወሰኑ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። የዓመት በዓል ነጠላቸውን አወጡ። ባሻን በርጥብ ጨርቅ አጸዱት፣ በነጠላው አቀፉት፤ ፊቱን ግን አልሸፈኑትም። በገበያው መካከል አልፈው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄዱ።

በሬና በቅሎ ይዞ የተሰለፈው ሰው ሳቀባቸው። «ድመት ነው እንዴ? ድመት ይዘው ነው የመጡት?»

ቀና አሉ። «ባሻ ነው። በአይጡ ዓመት የዘራኸውን ዘር ያቆየልህ እሱ ነው።»

ሳቁ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁና የበሬያቸውን ገመድ ሳብ አደረጉ። «ከእኔ ይቅደም» አሉ። ሌላውም በቅሎውን ገለል አደረገ። ወረፋው ሁሉ መንገድ ለቀቀ።

ሐኪሙ መረመረውና እውነቱን ነገራቸው። «መዳን አይችልም እናቴ። ሳያመው እንዲያርፍ ማድረግ ግን እችላለሁ። ጊዜውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

«ጊዜው ደርሷል» አሉ። «እንዲያውም እኔ ነኝ ያዘገየሁት።»

እስከ መጨረሻው ከእቅፋቸው አላወረዱትም። በጆሮው «ባሻዬ፣ ሥራህን ጨርሰሃል፤ ዘሩ ደህና ነው» አሉት። መጋዘኑ ጓሮ ቀበሩት። በለስላሳ አፈር የሸፈኑት በገዛ እጃቸው ነው። አካፋ ይዞ የመጣው ማን ይመስላችኋል? ዘርጋው!

ወገኖቼ፣ ይህ የእንስሳ ነገር ነው። የሰው ነፍስ በፈጣሪ እጅ ነች፤ ወደዚያ እንዳትወስዱብኝ። ስንብቱስ? ስንብቱ የማን ነው? የእኛ ነው።

ጋሽ ማንደፍሮን ታውቋቸዋላችሁ። የዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ዘበኛ ናቸው። ብዙዎቻችሁ በእናታችሁ ጀርባ ታዝላችሁ ስትገቡ በር የከፈቱላችሁ እሳቸው ናቸው። አሁን ጉልበታቸው ከዳቸው። ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ግማሾቻችን «ያለ እሳቸው በሩ በር አይሆንም» እያልን በብርድ አቆምናቸው። ስለ እሳቸው ነው ያዘንነው ወይስ ስለ ራሳችን? ግማሾቻችን ደግሞ «ማንም ሳያውቅ፣ ቀስ ብለው ይሂዱ» እያልን በሹክሹክታ ተማከርን። ይሄስ ጆንያው አይደለም? በአደባባይ የጠበቁንን ሰው በጓሮ ልንሸኝ?

አይሆንም! እኛ እንዲህ አይደለንም። የመጪው እሑድ የእሳቸው ቀን ነው። ጋቢ እናለብሳቸዋለን፣ እፊት ወንበር ላይ እናስቀምጣቸዋለን፣ ያደረጉልንን አንድ በአንድ በፊታቸው እንናገራለን። ከዚያ በኋላ በሩን ወጣቶቹ ይጠብቃሉ፤ ጉርሳቸውና ልብሳቸው የእኛ ነው። በሹክሹክታ የተማከራችሁትንም እያየኋችሁ ነው፤ ራሳችሁን በእሺታ እየነቀነቃችሁ ነው። ኮራሁባችሁ!

ድምፅ ማጉያው እስከ በሩ ይደርሳል። ጋሽ ማንደፍሮ እየሰሙኝ ነው። ስንወጣም እዚያው ቆመው እናገኛቸዋለን። የጎን በር እንዳለ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ማንም በጎን በር አይውጣ።