ሃያ ደቂቃ የሚበቃው ብሎን

አንድ ላቀው የሚባል ብረት ሠራተኛ ነበረ። ብሎን እንዳይዝግ ዚንክ ማልበስ ያውቅበታል፤ የሚሠራውም በቤቱ ጓሮ ነው። ባልዲ ውስጥ አቼቶና ጨው ይበጠብጣል፤ ከአሮጌ ባትሪ ድንጋይ የላጠውን ዚንክ በአንድ በኩል፣ ብሎኑን በሌላ በኩል ይሰቅልና ከመኪና ባትሪ ጋር ያገናኛቸዋል። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ላቀው የውብዳር የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ሩቅ ከተማ ኮሌጅ ደርሷታል፤ ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። አምናም ደርሷት አባቷ አስቀርቷታል። ዘንድሮ ከቀረች ሦስተኛ ዕድል የለም።

«አገሩ ቆላ ነው፤ ወባ አለ። ዘመድ የለን። እስቲ መጀመሪያ ትንሽ ጠንከር በዪ።»

«አምናም ጠንከር በዪ ነው ያልከኝ፣ አባዬ።»

«ዘንድሮም ያው ነው።»

በዚያው ሰሞን የወፍጮ ቤት ባለቤቷ እትዬ ዘርፌ አራት ብሎን አዘዙት። ወፍጮው ወንዝ ዳር ስለሆነ ብሎን አይበረክትላቸውም። ላቀው «ለዚህስ ሃያ ደቂቃ አይበቃም» ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ ነከራቸው። በማግስቱም ደገመ።

ወፍጮ ቤት ወስዶ ሊያስር ሲል ዳዶው አልገባ አለ። የብሎኑን ጥርስ ዚንክ ደፍኖታል። እህል ይዞ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያያል።

«ላቀው፣ ለብሎን ካባ ደረብክለት እንዴ?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«እትዬ፣ እንዲህ ያለውን ዝገት አይደፍረውም።»

«ዳዶም አልደፈረው! ታዲያ ምን ላድርገው፣ ሣጥን ውስጥ ልቆልፍበት?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ።

ላቀው ብሎኖቹን ይዞ ተመለሰ። አሲድ ውስጥ ከትቶ ሽፋኑን ሲገፍ የውብዳር ውኃ ታቀብለው ነበር። አልሳቀችም። አጥቦ እንደገና ነከራቸው። ሃያ ደቂቃው ሲሞላ እጁን ዘረጋና አመነታ፤ ሽፋኑ ሳስቶ ታየው። ቢሆንም አወጣቸው። ዳዶውን ሲሞክር በሁለት ጣት ብቻ እየተሽከረከረ እስከ ታች ወረደ።

ፈታው። መልሶ አሰረው። እንደገና ፈታው።

«የውብዬ፣ አጎበር አለሽ?»

«የምን አጎበር?»

«አገሩ ቆላ ነው አላልኩሽም? በይ ነጠላሽን አንሺ፣ ገበያ እንውጣ። ሰኞ ሩቅ አይደለም።»

ብሎን ዚንክ የሚለብሰው እርጥበት ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ ነው እንጂ እርጥበት እንዳያይ አይደለም። ለምንወደው ሰው የምናደርገው ጥበቃም ልኩን ሲያልፍ፣ የምንፈራው ዝገት ሳይደርስ እኛው ቀድመን ከሥራ ውጭ እናደርገዋለን።

እናንተስ፣ ሃያ ደቂቃው ካለፈ በኋላም ባልዲው ውስጥ ያቆያችሁት ማንን ነው?