ሁሉም ራስ የሆነባት የባሕር ጃርት

አንድ ጊዜ፣ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ አንዲት የባሕር ጃርት ልጅ፣ ገና ቅርጿ ሳይለይ ቀይ ባሕር ላይ ትንሳፈፍ ነበር። ሰውነቷን የሚሠሩት ሕዋሳት አናት፣ ወገብና ጭራ ይባላሉ። ታዲያ ጉድ በሉ፣ ሁሉም አንጎል መሆን ያምራቸው ነበር!

ከታች ያሉት እትዬ ጭራ ግን መልእክት ይልካሉ፤ መልእክቱም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተቀባበለ ይወጣል። «አንጎል በአናት ብቻ ይሁን! ወገብ ሆይ፣ ያንተ ድርሻ አፍና ሆድ ሆነህ አልጌውን፣ የባሕሩን አረንጓዴ ምግብ፣ መብላት ነው!»

ወገብ ይህን በሰማ ቁጥር ይቁነጠነጣል፤ ይገላበጣል። «እኔን የመሰለ ብልህ የአልጌ ማጠራቀሚያ ልሁን? በጭራሽ!»

ተንኮለኛው አያ ሸርጣን ከድንጋይ ሥር ሆኖ ይሰማው ነበር። ርቦታል። «ወይ ጉድ! አንተን የመሰለ ጮሌ ከጭራ ትእዛዝ ይቀበላል? ጆሮህን ድፈን፤ መልእክቱንም አታሳልፍ። ያን ጊዜ ማን ይከለክልሃል?» አለው።

«ኧረ ተው ልጄ! ቅርጽ አንዴ ከረጋ አይመለስም!» ብለው ጮኹ እትዬ ጭራ።

«እትዬ፣ እርስዎማ ቀንተው ነው!» አላቸውና ወገብ ጆሮውን ጥርቅም አደረገ።

መልእክቱ እዚያው ቀረ። ወገብም ጎረቤቶቹም እልል እያሉ አንጎል ሆኑ።

ብዙም ሳይቆይ ራብ መጣ። አልጌው በአጠገባቸው ሞልቶ ያልፋል። «ምግብ!» ብሎ አሰበ አናት። «ምግብ!» ብሎ አሰበ ወገብ። ሁሉም አሳቢ፣ አንድም ጎራሽ የለም!

«አፍ የታለ?»

«ሆድስ?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ወገብ ያን ጊዜ ጆሮውን ከፈተ። «እትዬ ጭራ፣ ይማሩኝ! ሆድ እሆናለሁ፤ ብቻ ይጥሩኝ!»

እትዬ ጭራ አለቀሱ። «እየጠራሁህ እኮ ነው ልጄ፤ ግን ረግተሃል።»

ወገብ ለመለወጥ ታገለ፤ እምቢ አለው። ጨነቀው፤ ጠበበው። ልጅቷም በራብ ዝላ ቁልቁል ሰመጠች። አያ ሸርጣን መቆንጠጫውን እያፋጨ ይጠብቃት ነበር።

«እህሳ አሳቢዎች፣ አሁን ምን ታስባላችሁ?» አለና መልሱን ሳይጠብቅ ዋጣቸው።

ከዚህ የምንማረው ሁሉም «ራስ ካልሆንኩ» ባለበት ቤት፣ ራስ የሆነውም ጭምር ጦሙን እንደሚያድር ነው።