የእንድሪስ ዱዓ

መስጂዷ ከርቀት በሚታይ አንዲት ጥንታዊት ከተማ ሸህ ዘይኑ የሚባሉ ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ ነበሩ። በእርሳቸው ዘንድ ኢጃዛ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ፣ የሚሻ ደረሳ ወይም የሃይማኖት ተማሪ አንድ የኪታብ ምዕራፍ በራሱ መረዳት ለመጅሊሱ፣ ለተሰበሰበው ጉባኤ፣ ያብራራል፤ ከዚያም ትርጓሜውን ላፈለቀው ሰው በስሙ ዱዓ ይደረጋል።

ጀውሃር የተባለው ደረሳ ተራው በደረሰ ዕለት መቀመጥ መቆም አቃተው። አባቱ የምርቃቱን ሙክት እየጎተቱ ከገጠር መጥተዋል፤ መንደሩም የሚያስቀራለት፣ ልጆቹን የሚያስተምርለት፣ ሸህ ይጠብቃል። ስለ አማና፣ ስለ አደራ፣ የሚናገረው ምዕራፍ ግን አልገለጥለት ብሏል። አልገባኝም ማለትም ሞት መሰለው። ስለዚህ ወዳጁ እንድሪስ በወባ ከመሞቱ በፊት ያብራራለትን እንደ ራሱ አድርጎ አቀረበ፦

«አማና መመለስ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ባይኖርም የእርሱ መሆኑን አለመካድ ነው።»

«ማሻአላህ!» አለ መጅሊሱ።

«አቦ፣ ትናንት አብሮን ራት ሲለምን የነበረው ዛሬ ሸህ ሆነብን!» ብሎ አንዱ ደረሳ አሳቃቸው።

ሸህ ዘይኑ አልሳቁም። «ልጄ፣ ይህን ያፈለቀው ማን ነው? ዱዓ እናድርግለት።»

«እኔው ነኝ፣ ሸህየ።»

«እንግዲያው እጃችሁን አንሱ።»

ዱዓው ጀመረ። የአባቱ «አሚን» ከሁሉም በልጦ ይሰማል። ጀውሃር ግን ያነሳቸውን እጆች አወረደ። እንድሪስ ወላጅም ልጅም የለው፤ በዱዓ የሚያስታውሰው ከዚህች ትርጓሜ በቀር ምን ትቶ ሄደ?

«አቁሙ!» አለ ድንገት። «ዱዓው የእንድሪስ ነው። የሟች ሐቅ ወስጃለሁ።»

አባቱ ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ።

«አውቃለሁ» አሉ ሸህ ዘይኑ። «እንድሪስ በሕይወት ሳለ ትርጓሜውን እዚሁ ተቀምጦ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ሌባ ብዬ ብጮኽብህ ውሸቱን ታጠብቀው ነበር። ሐቁን በራስህ አፍ እንድትመልስ ፈለግኩ።»

ዱዓው በእንድሪስ ስም እንደ አዲስ ተደረገ። አባቱም ሙክቱን ለእንድሪስ ሰደቃ አሳረዱት። ጀውሃር ኢጃዛውን አላገኘም፤ ምዕራፉን ከሸሁ ጋር ከመጀመሪያው እንዲቀራ ግን ቦታው ተጠበቀለት።

ለምን እንዳላባረሩት ሲጠየቁ ሸሁ እንዲህ አሉ፦ «አልገባኝም ያለኝን ደረሳ አስቀራዋለሁ፤ በሌላ ሰው አፍ የመጣብኝን ግን ማን ብዬ ላስቀራው? ዛሬ ገና ራሱ መጣ።»

ዛሬም ተማሪ የሰው ሥራ ገልብጦ ሲያቀርብ የመምህሩ ቁጣ ይቀድማል፤ ሐቅ ተነክቷልና ቁጣው ተገቢ ነው። ሆኖም ተማሪው «አልገባኝም» ከማለት መስረቅ የቀለለው በማን ፊት ነው? ይህ ጥያቄ መምህሩንም ዕረፍት ሊነሳው ይገባል።