የሣር ገበያው ሸንጎ

ቂቂቂ! ቆይ ሳቄን ልዋጥ፤ ዋናው ነገር ኋላ ነው የሚመጣው። በሉ ጆሯችሁን ለተረቴ ክፈቱልኝ!

ድሮ፣ ነጋዴው አያ ጅቦ «ሣር ከነሥሩ ተነቅሎ ይሸጥ» የሚል የገበያ ሕግ አወጣ። በየዓመቱ እንስሳቱ ሕጉን ሊያሻሽሉ ሸንጎ ይቀመጣሉ፤ ደጋፊ ያላገኘ ቃል ግን አይቆጠርም። ፍየሏ ጨነቃት፤ ሥሩ ካለቀ ግልገሎቿ ከርሞ ምን ሊግጡ ነው?

«ሥሩ ይቅርልን፣ አያ ጅቦ!» አለች።

«እመት ፍየል፣ አምና እንዲሁ ያሉት በግና ሚዳቋ ዛሬ የት አሉ?» አላት።

ዞር ብላ ብታይ ቦታቸው ባዶ ነው። ጅቡ ከንፈሩን ላስ አድርጎ «እሷን የሚደግፍ አለ?» ሲል እንስሳቱ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ይኼኔ ከራሱ ከጅቡ ሆድ ውስጥ በግና ሚዳቋ ባንድ ድምፅ መለሱ፦

«አለን! እኛ እንደግፋታለን!»