አባቱ ካልወጣ የማይወጣ ስም

አውጋን ካላችሁኝ ላውጋችሁ። መንበሩ የሚባል ገበሬ ነበር፤ ፊቱ የማይፈታ፣ ቃሉን እንደ ዘር እህል የሚቆጥብ። የፈለገው አንዲት ወረቀት ብቻ ነው፤ የልጁ የትሁኔ ሰባት ቤት የተቆጠረባት። ሙሽሮቹ የሥጋ ዘመድ አለመሆናቸው ካልታየ ሠርግ የለም። የሙሽራው ሽማግሌ አባ ይርዳው አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

የመንደሩን የዘር ሐረግ በኮምፒውተር የምትመዘግበው ፍታለም ቁልፉን ነካች። ወረቀቷ አልወጣም አለች።

«ምነው?» አለ መንበሩ።

«አያ መንበሩ፣ እዚህ ሰንጠረዥ ላይ ሰው ሁሉ አንድ አንድ መስመር አለው። መስመሩ የሚያውቀው የራሱን ስምና የአባቱን ቁጥር ብቻ ነው። አባት ሳይቀድም ልጅ አይወጣም።»

የትሁኔን መስመር ለመኑ። «አባቴ መንበሩ ካልወጣ አልወጣም» አለች። የመንበሩን መስመር ለመኑ። «አባቴ ጓንጉል ካልወጣ አልወጣም» አለ።

«እዚያም ውስጥ ያው ግትር ነው!» አሉ አባ ይርዳው።

ጓንጉልን ለመኑ። «አባቴ ቸኮል ካልወጣ አልወጣም» አለ። ቸኮል ካልወጣ ጓንጉል አይወጣ፣ ጓንጉል ካልወጣ መንበሩ አይወጣ፣ መንበሩ ካልወጣ ትሁኔ አትወጣ፣ ትሁኔ ካልወጣች ወረቀት የለ፣ ወረቀት ከሌለ ሠርግ የለ!

ቸኮል ፈንታን አለ፣ ፈንታ አዳሙን አለ፣ አዳሙ ውብነህን አለ፣ ውብነህ ተድላን አለ። ተድላ ካልወጣ ውብነህ አይወጣ፣ ውብነህ ካልወጣ አዳሙ አይወጣ፣ አዳሙ ካልወጣ ፈንታ፣ ፈንታ ካልወጣ ቸኮል፣ ቸኮል ካልወጣ ጓንጉል፣ ጓንጉል ካልወጣ መንበሩ፣ መንበሩ ካልወጣ ትሁኔ አትወጣ፣ ወረቀት የለ፣ ሠርግ የለ!

ተድላን ለመኑ። ተድላም፣ «አባቴ መንበሩ ካልወጣ አልወጣም» አለ።

«አንተ መንበሩ!» አሉ አባ ይርዳው። «የልጅህን ሰባተኛ ቤት አንተው ነህ እንዴ የወለድከው?»

«አያ መንበሩ፣ ቅጹን የሞሉት እርስዎ ነዎት» አለች ፍታለም አንገቷን ደፍታ።

መንበሩ ላቡን ጠረገ። የተድላን አባት አያውቀውም። በቅጹ ላይ ያለው ባዶ ሣጥን ጦም ያደረ ማሳ መስሎ ታይቶት፣ ሰው ሳይስቅብኝ ብሎ የራሱን ቁጥር ዘርቶበት ነበር።

«የሁሉም ሐረግ መጀመሪያ ባዶ ነው፤ የሚጠብቀው አባት ስለሌለ ቀድሞ ይወጣል፤ ነውር የለውም። ቁጥሩን እንዳጠፋው ግን አላውቅም ይበሉኝ» አለችው።

መንበሩ አባ ይርዳውን አየ፤ ጣሪያውን አየ። እንዲህ ያለ ቃል ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም። ልጁን አሰበ።

«አላውቅም» አለ።

ፍታለም ቁጥሩን አጠፋች። ተድላ ወጣ! ተድላ ቢወጣ ውብነህ ወጣ፣ ውብነህ ቢወጣ አዳሙ፣ ከዚያ ፈንታ፣ ከዚያ ቸኮል፣ ከዚያ ጓንጉል፣ ከዚያ መንበሩ ወጣ፣ ትሁኔም ወጣች፣ ወረቀቷም ወጣች።

አባ ይርዳው ወረቀቷን ከራሳቸው ወገን ቆጠራ ጋር ስም በስም አስተያዩ።

«ዘመድ አይደለንም» አሉ። «እንግዲህ እንዛመድ።»

ተረቴም ይኸው ወጣ፤ አባቱን ግን አትጠይቁኝ።