በልጁ ቤት ያልጠጣው ውኃ

አንድ ሰው ነበረ። ጨጓራው ክረምት ከበጋ ሲያሠቃየው ኖሮ፣ ተመስገን፣ ዳነ። ቃሪያውን እንደ ካሮት ይቆረጥም ጀመር! ቤቱ ግን በመድኃኒት ተሞልቷል፤ ክኒኑ በፌስታል፣ ሽሮፑ በጠርሙስ፣ ግማሹም ጊዜው ያለፈበት።

በዚያ መንደር ደግሞ “የዳነ ሰው መድኃኒት ከቤት አያድርም፤ በሽታውን መልሶ ይጠራል” ይባላል። ሰውየው ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ ወንዙ ወረደ። አንዷን ክኒን ጣለና “ጨጓራዬ ሆይ፣ ሂጂ!” አለ። ሌላዋን ጣለና “ዳግም ዓይንሽን እንዳላየው!” አለ። ሽሮፑንማ እስከ ጠብታው አንቆረቆረው።

ሚስቱ ወይዘሮ ውብአንቺ ከኋላው ደርሳ፣ “ኧረ አንተ ሰው! ከታች እኮ ሰው ይጠጣል!” አለችው።

“ተይኝ እስቲ! ወንዝ የወሰደውን መች መልሶ ያውቃል?”

ጎረቤት አየ። ጎረቤት ያየውን ሳያደርግ ይቀራል? ሪሁ የተሻለው፣ ሳሉ የለቀቀው፣ ሁሉም ፌስታሉን ይዞ ወረደ። “የእኔ አንዲት ፍሬ ምን ታደርጋለች?” ይላል ሁሉም። ሁሉም!

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? በወንዙ ቁልቁል ባለ መንደር የተዳረችው የሰውየው ልጅ እናንዬ ወለደች። አያት ሆነ! ቅቤና ማሩን ተሸክሞ፣ ወንዙን ተከትሎ፣ እያንጎራጎረ ገሰገሰ። ሲደርስ ጉሮሮው ደርቋል። አማቹ ታከለ እጅ ነሥቶ አንድ ጣሳ ውኃ በሁለት እጁ አቀረበለት።

ወደ አፉ ሲያስጠጋው እናንዬ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ “ጠጣ አባዬ፣ ያንተው ውኃ እኮ ነው! ካንተ ደጅ ነው የሚመጣልኝ። እርጉዝ ሆኜ አገሬ በናፈቀኝ ቁጥር፣ አባቴ የላከልኝ ነው እያልኩ ስጠጣው ከረምኩ” አለችው።

ጣሳውን አየ። ልጁን አየ። ጡቷን የሚጠባውን ሕፃን አየ። ጨጓራዬ ሆይ ሂጂ ብሎ ነበር፤ ወዴት እንደ ላካት አሁን ገባው። ሳይቀምስ ጣሳውን መሬት አስቀመጠው።

ታከለ ክው አለ። በልጁ ቤት ውኃ አልቀምስ ያለ አማት ተቀይሟል ማለት ነዋ! “ምን አጠፋሁ አባባ? ደግሞ አፍልተነዋል እኮ!” ብሎ እግሩ ላይ ወደቀ።

“ተነሥ ልጄ፣ አጥፊው እኔ ነኝ” አለና ሁሉንም ተናዘዘ። “ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ እኔ የደፋሁትን መድኃኒት ግን በምን ታወጡታላችሁ?” እያለ አለቀሰ።

እናንዬ ሳቋ አመለጣት። “የሰው አባት ለአራስ የገንፎ እህል ይልካል፤ አንተ የጨጓራ ክኒን ላክህልኝ?” ከዚያ ሕፃኑን እቅፍ አደረገችውና፣ “ግን አባዬ፣ ይኼ ልጅ ገና በዚህ ውኃ ሊያድግ ነው” አለች።

ሰውየው አገሩ እንደ ገባ ዱላውን ተደግፎ ወንዙ ዳር ቆመ። ፌስታል ይዞ የወረደውን ሁሉ “ወዴት ነው? የልጅ ልጄ አፍ ውስጥ ልትጥለው?” እያለ ይመልሳል። በየቤቱ የተረፈውን መድኃኒት በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቦ፣ በወጉ እንዲያስወግዱት ለጤና ጣቢያው አስረከበ። ውብአንቺም “አላልኩህም?” ማለቱን ለአንድ ቀንም አልተወችለት።

ክረምቱ ወንዙን አጥቦት፣ ሕፃኑ ዳዴ ማለት ሲጀምር ተመልሶ ሄደ። ታከለ ያንኑ ጣሳ፣ ትንሽ ፈራ እያለ፣ አቀረበለት። ሰውየው በአንድ ትንፋሽ ጨለጠውና “ድገመኝ!” አለ።

እናንተስ ወገኖቼ? “ወንዝ ወስዶታል” ብላችሁ የረሳችሁት የለም? ሽንት ቤት የደፋችሁት ክኒን የት ደረሰ? በንዴት የወረወራችሁት ቃልስ? ወረደ እንጂ ጠፋ እንዴ? ከታች ሰው አለ! ባልንጀራህን ውደድ የተባልነው ደጃፋችን ላይ ያለውን ብቻ ነው ያለው ማነው?

እንግዲህ በደጃችሁ የሚያልፈውን ውኃ፣ ነገ ልጃችሁ ቤት በጣሳ ቢቀርብላችሁ “ድገሙኝ” እንድትሉበት አድርጋችሁ አሳልፉት።