የአስተዳዳሪው ሕዝብ

ውባለም ሞታለች። ለቀብሯ አገሩ ሁሉ ወጣ። በሳምንቱ ያው ሕዝብ ጋዜጣ ላይ ታየ፤ ግን ከፎቶው ሬሳ ሳጥኑ ጠፍቶ በቦታው የወረዳው አስተዳዳሪ ቆመዋል። ከሥሩ «ሕዝቡ ለአስተዳዳሪው ያለውን ፍቅር በአደባባይ ገለጸ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ባሏ፣ የአንዲት ሕፃን አባት የሆነ ወጣት፣ «ይህ የሚስቴ ቀብር ነው» እያለ ጋዜጣውን ላገኘው ሰው ሁሉ አሳየ። አስተዳዳሪው አስጠሩት።

«አንተ ነህ የምታወራው? ሕዝቡ የወጣው ለእኔ ነው ብለህ በስብሰባ ፊት ትናገራለህ፤ አለዚያ ትታሰራለህ!»

«እናገራለሁ፣ ጌታዬ። እኔንም አሳረፉኝ።»

«ከምን?»

«ከብድሩ ነዋ! በእድራችን ሕዝብ የወጣለት ሰው በተራው በየቀብሩ ይወጣል። ለእርስዎ ከወጣ ብድሩም የእርስዎ ነው። ዛሬ የአቶ ይርዳው ቀብር ነው፤ ቆፋሪ ጎድሎናል። አካፋዬን ላምጣልዎት?»

አስተዳዳሪው በመስኮት ፀሐዩን አዩና ስልኩን አነሡ። ጋዜጠኛውንም ፎቶውን እንዲያርም አዘዙት።

ወጣቱ ሄዶ የአቶ ይርዳውን መቃብር ቆፈረ። ሲጨርስ አካፋውን እንደያዘ ወደ ውባለም መቃብር ጎራ ብሎ፣ «የወጣልሽን ሰው መልሰውልሻል» አላት።